ስልክ የሌለበት ሰማይ

ሰቆጣ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ስለ ድካሙ አላወራም፤ አስተማሪ ሆኖ ያልደከመው ካለ ገና አልጀመረም ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከውጭ አገር ለትምህርት ቤታችን መጻሕፍት በልግስና መጡ፤ አብዛኞቹ ስለ በረዶ መንሸራተትና ስለ ውሻ አስተዳደግ ነበሩ። ከሥራቸው አንድ ያረጀ ሣጥን ተቀምጧል። ስከፍተው ሥዕል የሌላቸው ስስ ጥራዞችና ሉዶ የምንጫወትባቸውን የመሰሉ ሁለት ዳይሶች አገኘሁ። ማንም ስላልፈለገው ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ ቤቴ ወሰድኩት።

ጨዋታ ነው። ሰሌዳ የለውም፤ አሸናፊም የለውም። አንዱ ሰማዩን፣ ከዋክብቱንና መንገድ ላይ የሚገጥመውን ሰው ሁሉ ሆኖ ይተርካል። ሌሎቹ በመርከብ ከኮከብ ወደ ኮከብ ጭነት የሚያመላልሱ ሰዎች ይሆኑና የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ ይሳካላቸው እንደሆነ ዳይሱ ይወስናል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ጨዋታ ሰው ጎረምሳ ሆኖ አይጀምርም። መጀመሪያ ያለፈ ሕይወቱን በዳይስ ያወጣል፤ የት እንዳገለገለ፣ የት እንደቆሰለ፣ ለምን እንደተሰናበተ። ታሪኩ የሚጀምረው ጉልበቱ ካለቀ በኋላ ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ጀግና ከሆነ የሚፈለገው፣ ሰቆጣ ሞልቷል።

ብቻዬን ስለማልጫወተው ጎረቤቶቼን ጠራሁ። አንዱ ቅኔ የሚያስተምሩት የኔታ ናቸው። ሌላዋ ከግቢያችን አንድ ክፍል የተከራየች የፃግብጂ ወረዳ ልጅ ናት፤ ሆስፒታል ነርስ ነች። የኔታ ዳይሱን ሲያዩ ቁማር መሰላቸውና ፊታቸውን አጠቆሩ። ጥቂት አሰቡና ግን «ሐዋርያትም በይሁዳ ፈንታ ሰው ሲተኩ ዕጣ ጥለዋል» ብለው ለራሳቸው ፈቀዱ። ከዚያ ወዲያ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቀድመውኝ የሚቀመጡት እሳቸው ሆኑ። ፍልሰታ ሲገባ የመርከቧ ሰዎች ሥጋ እንዳይበሉ ከለከሉ። «መንገደኞች ናቸው እኮ፣ የኔታ» ብላቸው «መንገደኛማ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ነው፤ እነዚህ ኑሯቸው መንገድ ላይ ነው» አሉኝ። ሥጋውን ከመርከቧ አስወጣሁ።

ስለ ነርሷ አሁኑኑ ልናገር፤ እኛ ያኔ አናውቅም ነበር። ታናሽ ወንድሟ በጂቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሲሻገር ባሕር ላይ ሞቷል። አብሮት የነበረ ልጅ ደውሎ ነግሯታል። እሷ ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብላ ለእናቷ ሳትናገር ከርማለች። እናቷ በገበያ ቀን እየመጡ «ደወለ ወይ?» ሲሏት «ኔትወርክ የለም» ትላቸዋለች። እኛ አገር ይህን ሰበብ የማያምን የለም።

አንድ እሁድ፣ እኔ ሆኜ የምናገርለትን የመርከቧን ወጣት መካኒክ ዳይሱ ገደለው። አገሩ ሩቅ ነው። በጥራዙ መሠረት ሌላ ሰው ተቀጥሮ ጉዞ ይቀጥላል። ሬሳውስ ሲሉኝ፣ በሩ ተከፍቶ ወደ ሰማይ እንደሚለቀቅ ነገርኳቸው።

«ይለቀቃል ማለት?» አሉ የኔታ።

«ወደ ውጭ ይጣላል።»

«ፍትሐት ሳይደረግለት? አንተ ሰው፣ ጤነኛ ነህ?»

ነርሷ ቀና አለች። «አይጣልም። ወደ እናቱ እንወስደዋለን።»

ነዳጁ እንደማይበቃ፣ ጭነቱም በሰዓቱ ካልደረሰ ሥራ እንደሚያጡ አስረዳሁ። የሰማኝ የለም። እንዲህ ሆኖ የንግድ መርከባችን አስከሬኑን በማቀዝቀዣ ክፍሏ ጫነች፤ ክረምቱንም በሙሉ ያን ልጅ ይዘን ስንዞር ከረምን። ነርሷ እሁድ እሁድ ገና ሳትቀመጥ የምትጠይቀኝ «ቅዝቃዜው ደህና ነው?» ብላ ነበር። እኔም ደህና ነው እላለሁ። የእውነት ሬሳ የተሸከምኩ ያህል ከበደኝ፣ ግን ማቋረጥም አልቻልኩም።

በዚህ ጨዋታ ከኮከብ ወደ ኮከብ ስልክ የለም። ወሬ የሚደርሰው ሰው በመርከብ ይዞት ሲሄድ ብቻ ነው። ሳስረዳቸው ለየኔታ አዲስ አልሆነባቸውም። «እንደ ሰሃላ ነዋ» አሉ፤ ኔትወርክ የማይደርስበትን የኛን ወረዳ ማለታቸው ነው። እንግዲህ የመካኒኩ እናት ምንም አልሰሙም፤ መርዶው የኛ ነው። የኔታ ሥርዓቱን አወጡ። መርዶ ማንም ዝም ብሎ አይናገረውም። ጎረቤት አስቀድሞ ይሰማል፣ ጎህ ሲቀድ በአንድነት ይኬዳል፣ የሚናገረውም የቅርብ ሰው ይሆናል። በጨዋታው የመርከቧ ሐኪም ነርሷ ስለነበረች፣ ለሟቹ ቅርብ ተብላ መናገሩ ለሷ ደረሰ።

መስቀል ካለፈ በኋላ መርከባችን የመካኒኩ አገር ደረሰች። እናትየውን የምሆነው እኔ ነኝ። የማርመው ፈተና ተቆልሎብኛል፤ እውነቱን ለመናገር ቶሎ አልቆ በተገላገልኩ እያልኩ ነበር። በደከመ ድምፅ «እንግዶች፣ ግቡ። ልጄስ? ከናንተ ጋር አልነበረም?» አልኩ።

ነርሷ አየችኝ። «ደህና ነው» አለች። «ያልደወለው ኔትወርክ ስለሌለ ነው።»

ተሳስታ መስሎኝ ላርማት ስል የኔታ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሏት።

እያለቀሰች ነገረችን። የኔታ አልተቆጧትም። «እናትሽ ካልሰሙ ማን ፍትሐት ያስደርግለታል? ማን ተዝካሩን ያወጣል? ሬሳው ባይገኝም በስሙ ይጸለይለታል። ነገ ዛሬ አትበይ» አሏት ብቻ። እሷም እኔን «ጋሼ፣ እርስዎም ይመጣሉ?» አለችኝ። መሄድ አልፈለግኩም። ለቅሶ መድረስ ሰልችቶኛል፤ በነዚህ ዓመታት ያልቆምኩበት ድንኳን የለም። እሺ አልኳት።

ወደ ፃግብጂ የሚሄድ መኪና መንገዱ እስካለ ድረስ ሦስታችንን ወሰደን፣ የቀረውን በእግር ሄድን። አክስቷ ቤት አረፍን፤ ጎረቤቶቹም ሰሙ። ጎህ ሲቀድ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ደጃቸው ቆምን። እናቷ ከብቶቹን ሊያስወጡ በሩን ከፈቱና አዩን። በዚያ ሰዓት የተሰበሰበ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ነርሷ መናገር ስትጀምር እናቷ በእጃቸው አስቆሟት። በኻምጣንጋ አንድ ነገር ጠየቋት፤ ባጭሩ መለሰች። እኔ ቋንቋውን አልሰማም። የኔታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «‹መቼ ሰማሽ?› አሏት፤ ‹ከፋሲካ በፊት› አለቻቸው» አሉኝ።

ቁጣውን ጠበቅን። ልጅቷ አንገቷን ደፍታለች። ያን ሁሉ ወር ልጃቸውን በሕይወት ካለ ሰው ጋር ቆጥረው በሰላም አግባልኝ ሲሉ የኖሩ እናት ናቸው፤ ቢቆጡ ማን ይፈርድባቸዋል? እሳቸው ግን ከበሩ ደፍ ቀስ ብለው ወረዱና ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ሌላ ነገር ተናገሩ። ሴቶቹ እሪ ብለው አለቀሱ። የኔታ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ፤ ትርጉሙን የነገሩኝ ቆይተው ነው።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን አለቀስሽ?» ነው ያሏት።