ሲሚንቶ የለበሰው የጭቃ ግድግዳ

እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ አፍንጫዬን ይዤ ገለል እላለሁ። ለሲቪል መሐንዲስ ጥሩ ነገር አይደለም፤ ደም ሲያይ የሚያዞረው ሥጋ ቆራጭ በሉኝ።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ልደታ፣ ከማርያም ጀርባ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ፣ ጭቃ ቤቶቹ ተደጋግፈው በቆሙበት ሰፈር። ገና አንድ ድንጋይ ሳላነሳ ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለኝ ጀመር። እኔም ስሙን አልጠላሁትም። ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳን ካልኩሌተሬን ከሸሚዝ ኪሴ አላወጣም።

ጎረቤታችን እትዬ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ልጃቸው «እኔ ጋ ካልመጣሽ» እያለች ትጨቀጭቃቸዋለች፣ እሳቸው ከዚያ ቤት መውጣት አይፈልጉም። ግንቦት ላይ የግድግዳው ምርጊት መርገፍ ጀመረ። ክረምቱን ካልቻለ መሄዳቸው ነው። ጠሩኝ። ግድግዳውን እንደ ሐኪም በጣቴ አንኳኳሁና በሲሚንቶ ይለሰን ብዬ አዘዝኩ።

የሰፈሩ ጭቃ መራጊ ቆሞ ሲሰማኝ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ጭቃን የሚይዘው ጭድና ጭቃ ነው። ሲሚንቶው ውሃ ይቋጥርብሃል» አለኝ። ስለ ሲሚንቶ ጥንካሬ ግማሹን በእንግሊዝኛ አስረዳሁት። እትዬ በኩራት ያዩኛል። እሱ አካፋውን ይዞ ሄደ።

ከተለሰነ በኋላ ሁለት ወር ያህል በሰፈሩ እንደዚያ የሚያምር ግድግዳ አልነበረም። ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እትዬ ተጣሩ። ስደርስ ልስኑ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቷል። በሁለት እጄ ደገፍኩት። የተማርኩት ቀመር ሁሉ በጭንቅላቴ አለፈ፤ ግድግዳን በመዳፍ ስለመያዝ የሚል አንድም የለም። ከልስኑ ጀርባ ጭቃው ቀስ እያለ ሲንሸራተት ይሰማኛል።

«ልቀቀው የኔ ልጅ፣ እንዳይጫንህ» አሉኝ።

ለቀቅኩት። ሲወድቅ ብዙም ድምፅ አላሰማም። እንጨቱ ብቻ ቀረ፤ በመሃሉ አልጋቸው ከነአንሶላው ለመንገደኛ ታየ።

ጎረቤት ሲሰበሰብ እትዬ ማንም ሳይጠይቃቸው «ዝናቡ ነው» አሉ። መራጊውም እዚያ ነበር። አየኝና ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ጭቃ በአካፋው ይሰበስብ ጀመር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ልጃቸው መኪና ይዛ መጣች። ዕቃውን ከጫኑት አንዱ እኔ ነኝ፤ ለእሱ እንኳን ትምህርት አያስፈልግም። እትዬ ጋቢና ከገቡ በኋላ በመስኮቱ ጠሩኝና፣ ልጃቸው እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እዚያ ልጄ ቤትም ግድግዳው ተሰንጥቋል አሉ። አንተ መጥተህ ሳታይልኝ ማንም እንዳይነካው እላቸዋለሁ።»

«እሺ እትዬ» አልኩ።

አልሄድኩም።