የካድኩት መንገድ

ይህን ነገር እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም አልተነፈስኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። ያደረግኩት አንድ ነገር ነው፤ የነበረውን መንገድ አልነበረም አልኩ።

ያን ጊዜ ሥራዬ የወረታ ከተማን መንገዶች በእግሬ እየዞርኩ ለአዲስ ካርታ መመዝገብ ነበር። ዋና ዋናዎቹን ማንም ያውቃቸዋል። በቤቶች መካከል የሚሹለከለከውን የእግር መንገድ ያሳዩኝ ግን አያ እንድሪስ ናቸው። ድሮ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ በስተርጅና ዓይናቸው ጠፋ። ደብተሬን ይዤ ስንከራተት ድምፄን ሰምተው፣ "ልጄ፣ ከተማ በዓይን ብቻ አይታወቅም፤ ና አብረን እንሂድ" አሉኝ።

ሁለት ወር ያህል ከሰዓት ከሰዓት ዞርን። ወዴት እንደምንሄድ አስቀድመን አንወስንም፤ እግራቸው ወደመራቸው ነበር። ከደብረ ታቦር መገንጠያ እስከ ሩዝ ማሳው ዳር ያልረገጥነው ጥግ የለም። በጠረኑ፣ በነፋሱ፣ ከእግራቸው ሥር ባለው ዋልካ አፈር የት እንደደረስን ይነግሩኛል። "እዚህ ቦታ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ" ይሉኛል፤ እውነትም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳወራ ራሴን አገኘዋለሁ። ከሁሉም የሚወዱት ከሩዝ መፈልፈያው ጀርባ ያለችውን ቀጭን መንገድ ነበር። የመፈልፈያውን ግድግዳ በግራ እጃቸው እየዳሰሱ ያለ መሪ መስጊድ የሚደርሱባት እሷ ብቻ ነበረች። እኔስ አብሬያቸው ስንት ጊዜ ሄጄባታለሁ!

ረቂቁ ካርታ ለሕዝብ የቀረበ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አለቆቼ ከፊት ተቀምጠዋል። አያ እንድሪስ በልጃቸው በሶፊያ ክንድ ተደግፈው ተነሡና፣ "ከመፈልፈያው ጀርባ ያለችው መንገድ ገብታለች ወይ?" ብለው ጠየቁ።

አልገባችም። ረስቻት ነበር። "ረስቻታለሁ፣ አስገባታለሁ" ማለት ምን ይከብደኝ ነበር? ግን አለቆቼ እያዩኝ ነው፤ አንድም የቀረ የለም ብዬ ፈርሜያለሁ።

"እዚያ መንገድ የለም" አልኩ።

ከኋላ አንዱ፣ "ለማያይ ሰው ሁሉም መንገድ ነው!" አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። አዎ፣ ፈገግ አልኩ።

ካርታው ላይ መንገድ ስለሌለ ክረምት ሳይገባ ከመንገዷ አጠገብ የሚኖር ሰው ግቢውን እስከ መፈልፈያው ግድግዳ ድረስ አጠረው። አያ እንድሪስ ባጃጅና የጭነት መኪና በሚተራመስበት አስፋልት ብቻቸውን መሄድ አልቻሉም፤ ቤት ዋሉ። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ብሄድ እጄን ያዙና፣ "ልጄ፣ አንተ አትዋሸኝም። እውነት መንገድ አልነበረም? ወይስ አእምሮዬ እየከዳኝ ነው?" አሉኝ።

ከእኛ በቀር በቤቱ ማንም አልነበረም። ታዲያ ማንን ፈራሁ?

"ከሌላ ሰፈር ጋር ተምታቶብዎት ይሆናል፣ አያ" አልኳቸው።

ቀስ ብለው እጄን ለቀቁ። ከዚያ ወዲያ ከመኝታቸው እስከ ደጃፍ ለመውጣት እንኳ ሶፊያን ይጠሩ ነበር። በገዛ እግራቸው ማመን እንደተዉ ሞቱ።

ባለፈው ወር ሶፊያ ሱቅ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ያጠፈችውን ጨርቅ መልሳ ዘረጋችው፣ ደግሞ አጠፈችው።

"እኔም አላመንኳቸውም" አለች። "'አባባ ዝም ይበሉ፣ ሰው ይስቅብናል' እያልኩ ነው የቀበርኳቸው። ለእኔ ብቻ ነግረህ እንዳትሄድ።"

ትናንት የሰፈሩ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥቼ ተናገርኩ። አያ እንድሪስ አልተሳሳቱም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። "ሰውየው ከሞቱ በኋላ ምን ሊረባ?" አለኝ አንድ ሽማግሌ። አልተቀመጥኩም። አጥሩ እንዲነሣ ማመልከቻ ማስገባቴን፣ ጥፋቱን በስሜ መጻፌን ተናገርኩ። ከሥራ ቢያስወጡኝም አልመልሰውም። ሶፊያ ተነሥታ ወጣች።

ወጣት ነበርኩ፣ ደንግጬ ነው ልል እችል ነበር። አልልም። በድንጋጤ የተናገርኩት አዳራሽ ውስጥ ያልኩትን ነው። ቤታቸው ያልኳቸውን ግን እጄን እንደያዙኝ፣ ፊታቸውን እያየሁ፣ አስቤበት ነው ያልኩት።