ወንድሜ ሊሄድበት የነበረው ሽምግልና

የመጨረሻው ደህና ቀን ዓርብ ነበር። ከጁምዓ ሶላት መልስ ወንድሜ ሱቁን ከፈተ። ጭሮ ከተማ የቤት መሥሪያ ዕቃ እንሸጣለን፤ ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም። እሱ ድሮ ጠበቃ ነበር። ተወው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከሱ ጋር እሠራ ነበር። እንደሱ መናገር አልችልም፤ ስጽፍም ቶሎ አይመጣልኝም።

ሱቃችን ውስጥ ሥራው ያስከፋው ጠበቃ አይጠፋም። ከመቻራ፣ ከሚኤሶ፣ ከቦርደዴም ይመጣሉ። አንዱ ለሌላው ይነግረዋል መሰለኝ። ሥራው ከብዷቸዋል፣ መተው ይፈልጋሉ፣ እንዴት እንደሚተው ግን አያውቁም። ወንድሜ በመጀመሪያው ቀን ምክር አይሰጥም። ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጦ ምስማር ያስመዝናቸዋል። ጠበቃ እጁ ሥራ ካልያዘ ይከራከራል እንጂ የልቡን አያወራም ይላል። ቀጥሎ የሚመኙትን ሥራ በዕረፍት ቀናቸው ሄደው እንዲሞክሩት ያደርጋል። በመጨረሻ ሽማግሌ ይዞ ወደ ቤተሰባቸው ይሄዳል። ይሄን ከሱ በቀር የሚያደርግ ሰው አላየሁም። እሱ ራሱ ሥራውን ሲተው አባታችንን አላስፈቀደም ነበር። አባታችን እንደተቀየመው ነው የሞተው።

ያን ዓርብ የመጣው የሚኤሶ ልጅ ነበር፤ ወጣት ጠበቃ። ችሎት በገባ ቁጥር ሆዱን ያመዋል። የሚወደው ጎማ መጠገን ነው። በዕረፍት ቀኑ አውራ ጎዳናው ዳር አንድ ጎሚስታ ዘንድ የከባድ መኪና ጎማ ሲፈታ ይውላል። ያን ቀን ሆዱ ደህና ይሆናል። አባቱ ግን ግመል ሸጠው ነው ያስተማሩት። «ካባውን ካወለቀ ደጄን እንዳይረግጥ» ማለታቸውን አጎቱ ነግሮታል። በማግስቱ ወንድሜ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ አባቱ ሊሄድ ቀጠሮ ይዟል።

«እንቢ ቢሉስ?» አለ ልጁ።

«እንቢ ይላሉ፤ ከዚያ ምሳ ያበሉናል» አለ ወንድሜ።

«ቀልድ ተው አቦ!»

«መቻራ የገጠመንን ልንገርህ? ለአንዲት ዐቃቤ ሕግ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። አባትየው ሽማግሌ ይመጣል ሲባሉ፣ ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ ነው ብለው ፍየል አርደው ጠበቁን። ስንገባ እልልታ! እኔ ደግሞ ‹አባባ፣ እኛ የመጣነው ለፍቺ ነው፤ ከሥራዋ› እላለሁ።»

«ወይኔ! ከዚያስ?»

«ፍየሉን በላን። ሌላ ቀን ተመልሰን ሄድን። አሁን ቡና ትነግዳለች፤ የሚያስጭኑላት አባቷ ናቸው።»

ልጁ ሳቀ። ከዚያ በፊት ሲስቅ አላየሁትም።

ሊመሽ ሲል ወንድሜ «ደረቴን ያዘኝ» አለ። ጨጓራ ነው ብሎ ውሃ ጠየቀኝ። ውሃውን ይዤ ስመለስ የቆርቆሮው ክምር ላይ ተደግፎ ነበር። በባጃጅ ወሰድነው። ሐኪም ቤት ስንደርስ... ይሄን ብዙ ጊዜ ልጽፈው ሞክሬ አልቻልኩም። ሞተ።

በማግስቱ ጠዋት ቀበርነው። ከመቃብር ስንመለስ ደጃችን ድንኳን ተተክሏል፣ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሰው ይገባል፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» ብሎ ያጽናናኛል፣ ይቀመጣል። አንድ ሽርጥ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ዱዓ አደረጉ። ከሚኤሶ እንደመጡ፣ የዚያ ጠበቃ አባት እንደሆኑ ነገሩኝ።

«ዛሬ ወንድምህ እንግዳዬ ነበር። እሱ ቀረ፣ እኔ መጣሁ» አሉ።

ወንድሜ ቢሆን ከዝናቡና ከከብቱ ጀምሮ ቀስ እያለ ነበር ወደ ጉዳዩ የሚደርሰው። እኔ አላወቅኩበትም።

«አባባ፣ ለምን ሊመጣ እንደነበር ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«እሱ ጥሩ አድርጎ ይነግርዎት ነበር። እኔ... ለልጁ ይፍቀዱለት።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ለቅሶ ላይ ሆነህ እንቢ እንደማልልህ አውቀህ ነው?»

«ኧረ አላሰብኩትም» አልኩ። እውነቴን ነበር።

«አንተስ ጠበቃ አይወጣህም» አሉና ትንሽ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፊታቸው መልሶ ኮስተር አለ። «አጎቱ ነገረኝ። ጎረቤት ነገረኝ። አሁን ደግሞ አንተ። እሱ ግን አንድ ቀን ፊቴ ተቀምጦ አልነገረኝም። የት ነው ያለው?»

ልጁ ውጭ ወንበር ከጋሪ እያወረደ ነበር። እጁን ይዤ አስገባሁትና አባቱ አጠገብ፣ እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። «ራስህ ንገራቸው» አልኩት። መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። የችሎት አነጋገር አልነበረም፤ እንደ እኔ እየተንተባተበ ነው። የሆዱን ሕመም ሲያነሳ አባቱ ቀና አሉ። ያን ማንም አልነገራቸውም ነበር።

«ያ ጎማ የምትፈታበት ቦታ ጥላ አለው?» አሉት።

«የለውም፣ አባ።»

«በሚኤሶ ፀሐይ?»

አባቱ ድንኳኑን የያዘውን ምሰሶ አዩ።

«እንጨት አለኝ» አሉ። «ዳስ እንጥልበታለን።»

ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ማንም ዞሮ አላየውም። እኔ እስከዚያ ሰዓት፣ መቃብሩ ላይ እንኳ፣ እንባ አልመጣልኝም ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩና አብሬው አለቀስኩ።