የአሮጌው ላፕቶፕ ባለአደራ

የእህቴ ባል ኦስሞ ድካሙን የሚናገር ሰው አይደለም። በኩኦፒዮ ከተማ ድካሙን የሚናገር ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ተሳፋሪው ሁሉ አፉን ዘግቶ ገብቶ አፉን ዘግቶ ይወርድ ነበር፤ ጡረታ ስወጣ ያንን ሁሉ ዝምታ በወሬ ለመካስ ወሰንኩ። ኦስሞ ግን ሲደክመው አንገቱን በቀኝ እጁ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ግራ ያዞረዋል፤ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። ባለፉት ስድስት ዓመታት አንገቱን ሳይዝ የዋለበትን ቀን አላስታውስም።

እንጀራው የከተማው ውሃ ማጣሪያ ነው፤ እዚያ ፓምፖች ይቆጣጠራል። ያደከመው ግን እሱ አይደለም። ያደከመው ከሥራ መልስ፣ ጫማውን አውልቆ የሚቀመጥበት ሌላው ሥራ ነው፤ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አይከፍለውም። ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት አስኳል፣ ከርነል የሚሉት፣ በዓለም ዙሪያ በተበተኑ ሰዎች እጅ የሚጻፍ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ባለአደራ አለው። ባለአደራው ስሙ ከነአድራሻው ይመዘገባል፤ የተበላሸበት ሁሉ ለእሱ ይጽፋል።

የኦስሞ ድርሻ ቬልሞ የሚባሉት ላፕቶፖች ነበሩ። ላፕቶፕ እንደ ሰው ነው፣ እያንዳንዱ የራሱ አመል አለው። የአንዱ ማቀዝቀዣ በአንድ ቋንቋ ይታዘዛል፣ የሌላው ድምፅ ማጥፊያ በሌላ። አስኳሉ ይህን ሁሉ አመል አያውቅም፤ በመሀል ሆኖ የሚያግባባቸው ድራይቨር የሚሉት ጽሑፍ ነው። የቬልሞዎቹን ድራይቨር ኦስሞ ጻፈ፤ ከጻፈ ወዲያ የሚያሳድገውም እሱ ሆነ። ሲጀመር እንደ ጨዋታ ነበር። ስንት ነገር እንደ ጨዋታ ተጀምሮ ሰውን አስሮ እንዳስቀረ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ቬልሞን የሚሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። ከላፕቶፖቹ ሁሉ እልኸኛው የመጀመሪያው፣ ቬልሞ አንድ፣ ነበር። የስክሪኑ ብርሃን ከፍ ዝቅ የሚለው ፋብሪካው ለማንም ባልነገረው መንገድ ነው፤ ኦስሞ ያንን መንገድ ለማግኘት ሁለት ክረምት ፈጅቶበታል። አስኳሉ ደግሞ በየዘጠኝ በየአስር ሳምንቱ ይታደሳል። በታደሰ ቁጥር ለቬልሞ አንድ የተጻፈችው ክፍል አንድ ነገር ላይ ትደናቀፋለች፣ ኦስሞም አንገቱን ይይዛል። የራሱ ቬልሞ አንድ ባለፈው ዓመት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ሞተበት። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ በጨለማ እንደመዳበስ ሆነ፤ ጽፎ የሚሞክርበት የለውም።

ቪብከ የመጣችው ያኔ ነው። ቪብከ ብሬመን የምትኖር መሐንዲስ ናት፤ ኦስሞ በአካል አይቷት አያውቅም፣ ግን ለሦስት ዓመት ጥሩ ጥሩ እርማት ስትልክለት ቆይታለች። «ሥራውን ልረከብህ እችላለሁ፤ ኋላ የወጡት ቬልሞዎች ጠረጴዛዬ ላይ አሉ» ብላ ጻፈችለት። «የመጀመሪያው ግን የለኝም። መሞከር የማልችለውን አደራ አልቀበልም። እሱን አውጣውና ሌላውን ሁሉ ስጠኝ።»

ኦስሞ ይህን ደብዳቤ ሳውና ውስጥ በቃሉ ነገረኝ። ከላይ እስከ ታች በላብ ተነክሮ፣ «ካውኮ፣ ልለቀቅ ነው» አለኝ። በሃያ ስምንት ዓመት ጋብቻው ስለራሱ የነገረኝ የመጀመሪያው ነገር ይመስለኛል።

ግን በእነሱ ዘንድ ዝም ብሎ ማውጣት የለም። ሕጋቸው ጥብቅ ነው፤ ትናንት ለሰው ይሠራ የነበረ ነገር ዛሬ ሊበላሽበት አይገባም። አንድ ተጠቃሚ፣ አንድ ብቻ፣ «ተበላሸብኝ» ካለ የወጣው ይመለሳል። ስለዚህ አሮጌ ነገር ከመውጣቱ በፊት ሁሉም በሚያነበው የደብዳቤ መድረክ ላይ ይጠየቃል፤ የሚጠቀምበት ሰው አለ ወይ? ይጠበቃል። ዝም ከተባለ ማንም የለም ማለት ነው። ኦስሞ በመስከረም ጠየቀ፣ እስከ ታኅሣሥ ጠበቀ። አንድ ሰው አልመለሰም። አወጣው። አዲሱ አስኳል የካቲት መጨረሻ ላይ ለሕዝብ ደረሰ፤ የኦስሞ ስም ተሰርዞ የቪብከ የሚገባበት ቀን ደግሞ ለሚያዝያ መጀመሪያ ተቆረጠ።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። ቴለርቮ የድሮ መምህርት ናት። በአካባቢያችን ገጠር ሽማግሌዎች ይናገሩት የነበረውን፣ ዛሬ ልጆች የማያውቁትን ቃል፣ ከድሮ ካሴት እያዳመጠች መዝገበ ቃላት ትጽፋለች። ካሴቶቹ ሦስት መቶ ናቸው፤ አርባ አንድ ቀርተዋታል። ዐይኗ ግን ታሟል። ብርሃን እንደ መርፌ ይወጋታል፤ ሐኪሟም ያለሽን ዐይን በቁጠባ ተጠቀሚበት ብላታለች። ዐይኗ ሳያልቅባት ካሴቶቹ እንዲያልቁላት ነው የምትሮጠው።

በመጋቢት አንድ ረፋድ ላይ እንደ ልማዴ ሳላንኳኳ ገባሁ። መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። እህቴ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጋ ተቀምጣለች።

«ምነው፣ ሞተር ሳይክል ገዛሽ እንዴ?» አልኳት።

«ድምፅህን ቀንስ። ቡና አለ፣ ቅዳና ተቀመጥ።»

ስቀመጥ ላፕቶፑን አየሁት። ስክሪኑ ላይ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት በሁለት ድርብ ተለጥፎበታል፤ ፊደሎቹ ከወረቀቱ ጀርባ ደብዝዘው ይታያሉ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ልትጋግሪው ነው?»

«ሳቅ ሳቅ። ከታደሰ ወዲህ ብርሃኑ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ቁልፉን ብጫነው ብጫነው ቦግ እንዳለ ቆሟል። በአንድ ወረቀት ያቃጥለኛል፣ በሦስት አይነበብም።»

ጎንበስ ብዬ ክዳኑን አየሁ። ቬልሞ አንድ ነው። ኦስሞ ድሮ ለሙከራ ካመጣቸው አንዱን ሰጥቷት ነበር፤ ያኔ አዲስ አስኳል በወጣ ቁጥር ላፕቶፑ በራሱ እንዲጭነው አድርጎ ነው የሰጣት።

«ቆይ፣ ስልሳ ዓመት ሲሞላሽ የገዛልሽስ? ያ አዲሱ?»

«እሱ ዝቅ ሲል እንኳ ይወጋኛል። ይንቀጠቀጣልም። ይሄኛው ብቻ ነበር ጭል ጭል እስኪል የሚወርድልኝ።»

«እና ኦስሞ አያውቅም?»

«ስጦታ ነዋ! ምን ልበለው? እሱ ቤት ሲኖር አዲሱን እከፍታለሁ። አሮጌውን የጣልኩት ይመስለዋል።»

«አራት ዓመት ሙሉ?»

«አራት ዓመት ሙሉ። ምን ያስፈጥጥሃል?»

ባሏ የዓለምን ላፕቶፕ ሲጠግን ኖሮ እሷ ወረቀት ለጥፋ ስትሠራ ሳይ ተናደድኩ። «አሁኑኑ ትነግሪዋለሽ!» አልኳት።

«አልነግረውም። አንተም አትነግረውም።» መነጽሯን አላወለቀችም። «ካውኮ፣ ትናንት ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። አንኮራፋ። ስድስት ዓመት ሙሉ በጊዜ ተኝቶ አያውቅም። ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት። አሁን ሄጄ ተነስ፣ አላለቀም ልበለው? ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፣ ከዚያ የሴትዮዋ ነው።»

ማልኩላት። መሐላዬንም ጠበቅኩ፣ ሁለት ሳምንት። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ስመጣ ወረቀቱ አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ይሆናል። ዐይኗን ከመነጽሩ ጀርባ አላየሁም፣ እንድታወልቅም አልጠየቅኳትም።

ቅዳሜ ዕለት እኔና ኦስሞ ዓሣ ልናጠምድ በረዶ የሠራው ሐይቅ ላይ ወጣን። በረዶው ገና ወፍራም ነው። ቀዳዳ ሰርስረን፣ መንጠቆ ጥለን፣ ባልዲያችን ላይ ተቀመጥን። ሁለት ሰዓት ያህል ቃል አልተነፈስንም፤ ይህ ለእሱ ደስታ ነው፣ ለእኔ ፍዳ። ከዚያ ራሱ ጀመረ።

«ታውቃለህ፣ ፈርቼ ነበር» አለ። «አንድ ሰው ብቅ ይላል ብዬ። ሦስት ወር ጠበቅኩ። በዓለም ላይ ያንን ላፕቶፕ የሚጠቀም አንድ ሰው የለም፣ ካውኮ። አንድ።» እጁ አንገቱ ላይ አልነበረም። ፊቱ ተፈትቶ ነበር።

ዝም ማለት እችል ነበር። አንድ ሳምንት ቢቀር ነው። ግን አፌ መቼ ታዞልኝ ያውቃል።

«ዓለምን ሁሉ ጠየቅክ?»

«ሁሉንም።»

«ኩሽናህንስ?»

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ መንጠቆውን ቀስ ብሎ ጠቀለለ። መሰርሰሪያውንም ባልዲውንም ትቶልኝ ወደ ዳር መራመድ ጀመረ። ዕቃውን ሁሉ ተሸክሜ ከኋላው ተከተልኩት። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል ይላሉ፤ የእኛ ሰውዬ ግን ጭራሹን ጠበሉ ቤቱ እንዳለም አላወቀም።

ስደርስ በሩ ክፍት ነው። ኦስሞ የበረዶ ቦቲውን ሳያወልቅ ኩሽናው መሀል ቆሟል። ወለሉ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ቴለርቮ ካሴት ማጫወቻው ላይ እጇን ጭና ተቀምጣለች።

«አውልቂው» አላት።

«ምኑን?»

«መነጽሩን።»

አወለቀችው። ሁለቱም ዐይኖቿ ቀልተዋል፤ የቀኙ አብጦ ግማሽ ተዘግቷል። ኦስሞ ወረቀቱን ከጥጉ ይዞ ላጠው፣ ከጀርባው ያለው ብርሃን ሲበራባት ፊቷን አዞረች። ቶሎ መልሶ ለጠፈው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደክሞሃላ።»

«እና ቢደክመኝስ?»

«እና ምን ልበልህ ታዲያ! ስትተኛ ማየት ደስ አለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ኦስሞ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጥኩት ብዬ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀድሜ ባለመናገሬ ተቆጨሁ። እስከ ዛሬም በየትኛው እንደምጸጸት አልወሰንኩም።

ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ያወጣውን መለሰው። ነገሩ ራሱ አጭር ነበር፣ ላፕቶፑ ላይ ጭኖ አስነሳው። «ተጫኚ» አላት። ቴለርቮ ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ ደብዘዝ፣ ደብዘዝ፣ ደብዘዝ እያለ ወረደ፤ ጭል ጭል ሲል ወረቀቱን ራሷ አነሳችው። ያቋረጠችው ቃል ላይ ተመልሳ መጻፍ ጀመረች።

እሱ ደግሞ ለመድረኩ ጻፈ። በእነሱ ወግ ስህተት የሚያርም ሰው ብልሽቱን ያመለከተውን በስም ይጠቅሳል፤ ያ ስም ከአስኳሉ ታሪክ አይፋቅም። «ያመለከተችው፣ ቴለርቮ» ብሎ ጻፈ።

እሷ በትከሻው በኩል አነበበች። «እኔ ለማንም አላመለከትኩም እኮ።»

«አውቃለሁ» አላት።

ሥር ላይ ለቪብከ ጨመረላት፤ ተጠቃሚ ተገኝቷል፣ ስለዚህ ስምምነታችን አይጸናም፣ ይቅርታ፣ ስሜ ባለበት ይቆይ። ላከው። «እንግዲህ» አለና አንገቱን ያዘ። እንደዚያ ሽማግሌ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

የቪብከ መልስ ሰኞ መጣ። ኦስሞ ለሁለታችን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ያ ላፕቶፕ ያላት ሰው አለች ማለት ነው? ታዲያ ችግሩ ምንድነው! አዲስ አስኳል በወጣ ቁጥር አስነስታ ቁልፎቹን ትሞክርልኝና ይሠራል ወይም አይሠራም ብላ ትጻፍልኝ። እሺ ካለች ሁሉንም እረከባለሁ።»

ቴለርቮ ካሴቱን አቆመች።

«ይህን ብቻ ነው የፈለገችው? ቁልፍ የሚጫን ሰው?»

«ይህን ብቻ» አለ ኦስሞ።

«በየስንት ጊዜው?»

«በየዘጠኝ ሳምንቱ። አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው።»

«እኔ እኮ በየቀኑ እጫነው ነበር» አለች። «በመስከረም ብትጠይቀኝ…» ከዚያ ተወችው።

በሚያዝያ መጀመሪያ የኦስሞ ስም ተሰርዞ የቪብከ ገባ። ኦስሞ አሁን በጊዜ ይተኛል። ቴለርቮ በየዘጠኝ ሳምንቱ ለብሬመን ሁለት መስመር ትጽፋለች። የቀሯት ካሴቶች ወደ ሃያ ወርደዋል። ቀኝ ዐይኗ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ሐኪሟ ከበሽታው ይሁን ከእነዚያ ሳምንታት ማወቅ አልቻለችም፤ ስለዚህ በግራው ብቻ ነው የምታነበው።

ኦስሞ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። ብቻ ጠዋት ወደ ውሃ ማጣሪያው ሲሄድ፣ ቦቲውን እያሰረ፣ በሩ ላይ ቆም ይላል። «የተበላሸብሽ ነገር አለ?» ይላታል። «የለም» ትለዋለች። እሱ ግን አይወጣም፤ ተመልሶ ገብቶ ዐይኗን ያያል።