አጎቴ ተባረሩ እንጂ አልለቀቁም

አጎቴ ዌስትላንድስ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለዓመታት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነበሩ። ሲሞቱ ድርጅቱ ባወጣው የሐዘን መግለጫ “በፈቃዳቸው ጡረታ ወጡ” ብሎ ጽፏል። ውሸት ነው።

ጋሼ መግለጫ ከማውጣታቸው በፊት፣ በመግለጫው ለሚነሳው ሰው ደውለው ያነቡለት ነበር፤ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር፣ ተሳፋሪው እየሳቀባቸው። አንድ ቀን ጎርፍ ቤቷን ለወሰደባት እናት “ስለ ዱቄቱ አመሰገነች” የሚለውን አነበቡላት።

“እኔ መቼ አመሰገንኳችሁ? ዱቄቱ እኮ አልደረሰኝም!” አለቻቸው።

ምስጋናውን ሰረዙት። ኃላፊው “መልሰው” ሲላቸው “እሷን ጠይቃት” አሉት። በዚያው ሳምንት ተባረሩ።

በሠላሳ ዓመቴ ትምህርት ቤት ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ያንን የሐዘን መግለጫ አንብቤ እንዴት ዝም ልበል?

ኃላፊው ሳውዝ ሲ ሰፈር ወዳለው የጋሼ ቤት ለልቅሶ መጣ። ቤቱ ሞልቶ የቀረው የጋሼ ወንበር ብቻ ነበር። ሊቀመጥበት ሲል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቀው እኔ፣ “እሱ ላይ አይቀመጡም!” አልኩት። “መጀመሪያ ‘እኔ ነኝ ያባረርኳቸው’ ብለው ይጻፉ።”

“ኧረ እህቴ፣ በልቅሶ ቤት?”

“ልቅሶ ቤት ውሸት ይዘው የመጡት እርስዎ ነዎት!”

ፊቱን አዙሮ ወጣ። ወንበሩ እስካሁን ባዶ ነው፤ መግለጫውም አልታረመም።