ብርቱካናማው ካፖርትና የተልባው ኬክ

ባሌ በሞተ በዓመቱ ከሌን ማውለቅ ነበረብኝ። በእኛ ወግ ግን ሐዘንተኛ በገዛ እጇ ጥቁሯን አትጥልም፤ ዘመድ ወይ ጎረቤት መጥቶ "በቃሽ፣ አውልቂ" ይላታል። እኔ ልጄ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ደግሞ፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ "አባቴን ቶሎ የረሳሁት እንዳይመስላት" ብላ ዝም አለች። እንዲህ ስንጠባበቅ አራት ዓመት በጥቁር ኖርኩ። ጥቁሩም ታጥቦ ታጥቦ አመድ መስሎ ነበር።

እግሬ አያርፍም። ከቀራንዮ እነሳና የት እንደምሄድ ሳላስብ ሳንሱሲ እደርሳለሁ። ልጄ "እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ የት ጠፍተሽ ዋልሽ?" ስትለኝ "መንገዱን ጠይቂው" እላታለሁ። አንድ ቀን እንደዚያ ስዞር፣ መንገድ ዳር ከተከመረ ሰልባጅ መሀል ብርቱካናማ ካፖርት አየሁ። የወንድ ነው።

"እማማ፣ ለልጅዎ ነው?" አለኝ ሻጩ።

"ለራሴ ነው።"

ሳቀ። እኔ ግን ለበስኩት። ትከሻዬ ላይ ልክ አለ፤ ጀርባዬ ቀና ያለ መሰለኝ። ጥቁሩን ነጠላ እዚያው አውልቄ ጠቀለልኩና በብብቴ ይዤ ገባሁ። በማግስቱ ቀሚሱንም ጣልኩት። "በቃሽ" ያለኝ ሰው የለም። እኔው ነኝ ያልኩት።

ልጄ ስለ ካፖርቱ የተናገረችው የትንሿ ልጇ ክርስትና ሲደርስ ነው። ሰማንያ ቀኗ ዓቢይ ጾም ላይ ዋለ፤ አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ከጎጃም ሊመጡ ነው።

"እማዬ፣ ሁለት ነገር ልለምንሽ። ያንን ካፖርት ለዚያ ቀን ተይው። የምትጋግሪውን ኬክም ተይው፣ የጾም ኬክ ከኬክ ቤት አዝዣለሁ።"

"ካፖርቱ ምን አደረገ?"

"አማቴ እስከ ዛሬ ከላቸውን አላወለቁም! አንቺ እንደ መንገድ ሠራተኛ ብርቱካን ለብሰሽ አጠገባቸው ልትቀመጪ ነው? ካልሆነ ጓዳ ሆነሽ አግዢን።"

ጓዳማ አልገባም። የልጅ ልጄ ክርስትና ነው፤ የምቀመጠው ሳሎን ነው፣ ካፖርቴን ለብሼ፣ ኬኬን ይዤ። ቃሌን ከፍ አላደረግሁም። "እሺ" ግን አላልኩም።

ጣፋጭ እወዳለሁ። ከዓመቱ የበዛው ጾም ነው፤ ጾሙ እስኪፈታ እንቁላልና ወተት ማን ይጠብቃል? የተፈጨ ተልባ ሞቅ ባለ ውሃ ስዘፈዝፈው ይዝለገለጋል፣ ዱቄቱን ይይዝልኛል። በወተት ፋንታ የሱፍ ውሃ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ዘይት፣ ስኳር፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ ቤኪንግ ፓውደር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ መለኪያዬ ሲኒ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ ስለምጋግር ሊጡን አልቀምሰውም። መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ጨው ሁለቴ ጨምሬ ኖሯል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስቀምሰው መርዝ ነው፤ የጎረቤት ዶሮ እንኳን ቀምሳው ዞር አለች። ከዚያ ወዲህ ጨው ስጨምር ለብቻዬም ብሆን ጮክ ብዬ "ጨው ገባ!" እላለሁ።

የክርስትናው ኬክ መሀሉ ትንሽ ሰመጠ። አልሸፋፈንኩትም። ከነስምጠቱ ትሪ ላይ አድርጌ፣ ካፖርቴን ቆልፌ፣ ሳሎን ገባሁና ከአማቷ አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጄ መጥታ ነጭ ነጠላ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ፤ ካፖርቱን ለመሸፈን ነው። አነሳሁት፣ አጣጠፍኩት፣ መልሼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

አማቷ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ማን ከል አስወለቀዎት?"

"እኔው ራሴ።"

"ኧረ! ሰው ሳይልዎት?"

"ሰው እስኪለኝ አራት ዓመት ጠበቅሁ። ሌላ አራት ዓመት ከየት አመጣለሁ?"

ልጄ ነጠላውን እንደያዘች ቆማለች። ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ ትሪው አዞሩ።

"ይሄስ እንቁላል የለውም? በምን ቆመ ታዲያ?"

"በተልባ።"

"ተልባ ለሆድ ድርቀት ነው እንጂ ለኬክ ነው እንዴ?"

"ኬኩስ የሚገባው ሆድ አይደል?"

ከበሩ በኩል አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሴትዮዋ ግን የእኔን አልነኩም፤ ከኬክ ቤቱ አስቆርሰው በሉ። ይብሉ። ከቦታዬ አልተነሳሁም። የሚፈልግ መጣ፣ ቆረስኩለት፤ የማይፈልገውን አልለመንኩም።

ልጄ ነጠላውን ወንበር ላይ ጥላ ጠጋ ብላኝ ተቀመጠች። ከመሀል፣ ከሰመጠው በኩል ቆርሳ በላች። ደገመች። ከዚያ እጇን ወደ ደረቴ ሰደደች፤ ልትሸፍነኝ ነው ብዬ ልገፋት ስል የካፖርቱን ቁልፍ ያዘች።

"እማዬ፣ ይሄ ሊወድቅ ነው። አውልቂውና ልስፋልሽ።"

"አላወልቅም።"

አማቷን አየች፣ እኔን አየች። ተነስታ መርፌና ክር አመጣችና እዚያው ሰው ፊት፣ ላዬ ላይ እንዳለ ሰፋችው።