ሠላሳ ሁለት ጊጋ የተባለው ስልኬ

ኩዌት በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በዕረፍቴ ቀን ዓርብ ኸይጣን የሚባል ሰፈር ሄጄ የመጀመሪያውን አዲስ ስልኬን ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ ሠላሳ ሁለት ጊጋ ተብሎ ተጽፎበታል። ታናሽ እህቴ በቅርቡ አግብታ ስለነበር፣ የሠርጓ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ የሚገባበት ስልክ ነበር የፈለግኩት።

ሱራ ሰፈር ወደምሠራበት ቤት ተመልሼ አንድ ፎቶ እንኳ ሳላነሳ ስከፍተው፣ አሥራ ሦስት ጊጋ ተይዟል ይላል። ጎረቤት ለምትሠራው ለአገሬ ልጅ አሳየኋት።

«ጉድ ሆነሻል! ሰው የተገለገለበትን ነው የሸጡልሽ» አለች። «የሆነች ሴት ፎቶዋን ሞልታበት ይሆናል።»

ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ሴት ስፈልግ ከረምኩ። ስልኩ ውስጥ ያልበረበርኩት ነገር አልነበረም፤ ጥላዋም የለ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ። ሻጩ ቀና ብሎም ሳያየኝ «ሲስተም ነው የያዘው» አለኝ።

«ሲስተም ማነው? ጥራውና ያስረዳኝ» አልኩት።

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን ስልኬን አንስቼ ወጣሁ።

ማታ አሠሪዬ ማዳም ፊቴን አይታ ጠየቀችኝና ነገርኳት። ማዳም ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። ሠላሳ ሁለት ብሎ አሥራ ዘጠኝ የሚሰጥ ሰው ለሷ ፈተና የወደቀ ተማሪ ነው። በማግሥቱ ጠዋት «ያላ፣ መኪና ውስጥ ግቢ!» አለችኝ።

ሱቁ እንደደረስን ሻጩን አዲስ ካርቶን አስከፈተችው፤ አሥራ ሦስት ተይዟል። ሌላ አስከፈተችው፤ አሁንም አሥራ ሦስት።

«ማዳም፣ ስልኩን የሚያሠራው ፕሮግራም ራሱ ቦታ ይፈልጋል» አለ ሻጩ ላቡን እየጠረገ። «ቤትዎ ውስጥ ወጥ ቤት አለ አይደል? እዚያ ሰው አይተኛም።»

«እኔ እኮ ከወጥ ቤቱ ጎን ነው የምተኛው» አልኩ ሳላስበው። ማዳም ገላመጠችኝ።

«እስቲ የእርስዎንም እንየው» አለ። ማዳም ከሳልሚያ ትልልቅ ሱቆች የገዛችው ውድ ስልክ ሲከፈት፣ ሲስተም የያዘው ከእኔም ይብሳል። መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።

«ታዲያ ለምን አይጽፉትም?»

«ጽፈውታል» ብሎ ካርቶኑን ገለበጠላት። ከታች ለዓይን የማይታይ ደቃቅ ፊደል ተደርድሯል።

«ለጉንዳን ነው የጻፉት?» አለች ማዳም።

ሽንፈት ስለማትወድ፣ ሜሞሪ ካርድ በነፃ እስኪሰጠኝ ድረስ በሩ ላይ ቆማ ደንበኛ አላስገባ አለች። ሰጠን። የእህቴም ሠርግ በዚያው ካርድ ላይ ሙሉውን ገባልኝ።

ማዳም ግን ነገሩ አልወጣላትም። ለእህቶቿ በሙሉ ደውላ አወራች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለምሳ ሲመጡ ሳሎን ተጠራሁ። ሻይ ልቀዳ የገባሁ መስሏት ትልቋ እህት ስኳር እንዳላበዛ ነገረችኝ።

«አይደለም፣ ተቀመጪ» አለችኝ ማዳም፣ ሶፋውን እያሳየች። በሦስት ዓመት ውስጥ ጠርጌው እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም።

አራት ስልኮች ጭኔ ላይ ተደረደሩ። አንድ በአንድ እየከፈትኩ ሲስተም የያዘውን አሳየኋቸው፤ እሱ እንደማይነካ፣ የሚጠፋው የራሳቸው ኮተት ብቻ እንደሆነ አስረዳሁ። የትልቋ ስልክ ከዳር እስከ ዳር የአንዲት ነጭ ድመት ፎቶ ነው። ድመቷ ተኝታ፣ ድመቷ ስታዛጋ፣ ድመቷ ጀርባዋን ሰጥታ።

«ከእነዚህ የተመሳሰሉትን እናጥፋ?» አልኳት።

«አንዷም ከአንዷ አትመሳሰልም!» ብላ ስልኩን ነጠቀችኝ።

ሻዩን የዚያን ቀን ማዳም ራሷ አፈላች። ጠቁሮ መርሮ ነበር፤ ሁላችንም ጨርሰን ጠጣነው።